የእናት ቢላ

በዚያ የጃቫ መንደር ሩዝ ሲደርስ፣ ትንሽ ቢላዋን በመዳፏ ይዛ የመጣች ሴት ሁሉ አጭዳ ድርሻዋን ይዛ ትገባለች፤ የመጣችን መመለስ ነውር ነው። ማሳውን ከአባቱ የወረሰ አንድ ገበሬ ግን አዝመራውን ሳይታጨድ ከነአገዳው ለከተማ ነጋዴ ሸጠ። ነጋዴው የራሱን አጫጆች አመጣ፤ የመንደሩ ሴቶች ባዶ ቅርጫታቸውን ይዘው ተመለሱ።

«አባትህ እንዲህ አድርጎ አያውቅም» አለችው እናቱ።

«ይሉኝታ ጎተራ አይሞላም፣ እማ።»

ከዚያ ወዲህ እናቱ ማለዳ ወጥታ ሲመሽ መመለስ ጀመረች። አኩርፋ ዘመድ ቤት የምትውል መሰለው።

የአጨዳው ወራት ሳያልፍ እናቱ ሞተች። እነዚያው ሴቶች እንደ ወጉ ለሐዘንተኛ ቤት ሩዝ ይዘው መጡ። ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

«ከእኔ ምን አግኝታችሁ ነው?» አለ።

«ካንተማ ምን ይገኛል!» አለች ጎረቤቱ ሱሚኒ። ትንሽ ቢላ በመዳፉ አኖረችለት። «ለቀብር ስናጥባት ከመቀነቷ ያገኘነው ነው። ወንዝ ማዶ የሰው ማሳ ስታጭድ እየዋለች ድርሻዋን ታካፍለን ነበር።»

ቢላውን ጨበጠው።

«ምን ብላ?»

«‹ልጄ ልኮላችሁ ነው› እያለች።»