ሃያ ደቂቃ

የፈተናው አዳራሽ ውስጥ አንዲት ተማሪ ብቻ ቀርታ ነበር። ፈታኟ መምህርት በወንበሮቹ መሃል ቆማለች፤ ልቧ ግን ቤት ነው። ከግማሽ ሰዓት በፊት ባሏ «ልጁ ትኩሳቱ ሠላሳ ዘጠኝ ገብቷል፤ ቶሎ ነይ» ብሎ ጽፎላታል። ትናንት ስብሰባ ላይ ነኝ ብላ ስልኩን ዘግታበታለች፤ ዛሬስ ምን ልትል ነው? የመጨረሻው ተፈታኝ ሳይወጣ ደግሞ ፈታኝ አይወጣም። የተማሪዎቹ ስልክ በር ላይ ተሰብስቧል፣ የግድግዳው ሰዓት ከቆመ ዓመት አልፎታል፤ እዚህ ሰዓት ማለት የእሷ የእጅ ሰዓት ነው። ሃያ ደቂቃ ይቀራል። ልጅቷ ብዕሯን አገጯ ላይ አስደግፋ ታስባለች፤ አንድ መስመር ትጽፋለች፤ ደግሞ ታስባለች።

መምህርቷ እጅጌዋን ሳብ አድርጋ ሰዓቷን ሸፈነች።

«በቃ፣ ሰዓት አልቋል» አለች።

ተማሪዋ ቀና ብላ መጀመሪያ የቆመውን የግድግዳ ሰዓት፣ ቀጥሎ መምህርቷን አየች። ወረቀቱን በሁለት እጇ አቀረበችላት። «ይቅርታ መምህር፣ እስካሁን አስቆየሁዎት።»

ልጅቷ ወጥታ በሩ እንደተዘጋ የመምህርቷ ስልክ ነዘረ። «ትኩሳቱ ወርዶለት ተኝቷል፤ ተረጋግተሽ ጨርሺ» ይላል። ወረቀቱን እንደያዘች ወደ ኮሪደሩ ሮጠች። ማንም የለም። የመጨረሻው መልስ «ምክንያቱም» ከሚለው ቃል አላለፈም። እጅጌዋን ገለጥ አደረገች፤ አሥራ ሰባት ደቂቃ ይቀር ነበር።