የክፍያ ምክንያት

ፀጉር ሠሪዋ የመጨረሻ ደንበኛዋን ሸኝታ ቁጭ ከማለቷ ስልኳ ጢጥ አለ። ከባሏ ጋር ከከፈቱት የጋራ ሂሳብ ብር ወጥቷል፤ ወደ አንድ አናጢ ሄዷል። «ምክንያት» ከሚለው ሥር ደግሞ «ሚስቴ እንዳትሰማ» የሚል ተጽፏል።

ደሟ ፈላ። የቤት ኪራይ መክፈያው ደርሶ! «ይሄ ሰውዬ ጨርቄን ሊያስጥለኝ ነው» አለች ለመስተዋቱ። ወዲያው ግን ሳቋ አመለጣት። መልእክቱ ለሁለቱም ስልክ እንደሚደርስ ረስቶታል ማለት ነው። ዕድሜ ልኩን መዋሸት የማይሆንለት ሰው፣ ባንኩ ምክንያት ሲጠይቀው እንኳ እውነቱን ጽፎ ቁጭ!

ባሏ በሩን በጀርባው ገፍቶ ገባ። ላብ በላብ ሆኖ ያቀፈው ረጅም ባለመደገፊያ ወንበር ነበር። «ቆመሽ ስትሠሪ እግርሽ አለቀ እኮ፤ በይ ተቀመጪበት» አላት።

«ብሩን ከየት አመጣኸው?»

«እ... አንድ ሰው ብድሬን መለሰልኝ» አለ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰክቶ።

«ጎሽ! እንዲህ ያለውን ሰው ያብዛልህ» አለችና ወንበሩ ላይ ወጣች። እግሯ ከወለሉ ሲነሣ ጉልበቷ እፎይ አለ። ባሏ የወንበሩን እግር ጎንበስ ብሎ ሲነቀንቅ፣ እሷ ስልኳን አውጥታ ለክፉ ቀን ካስቀመጠችው የራሷ ሂሳብ ያንኑ ያህል ብር ወደ ጋራው ላከች። ምክንያት ስትጠየቅ ፈገግ ብላ ጻፈች፦ «ባሌ እንዳይሰማ»።

ሁለቱም ስልኮች እኩል ጢጥ አሉ።