በሰማያዊ እርሳስ

ቲሳ ወንዝ ዳር ባለችው በዚያች ከተማ ሰው ሰዓት የሚያውቀው በቶዛ ጩኸት ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ብስክሌቱ ላይ ይወጣል፣ ድምፅ ማጉያውን አፉ ላይ ይደግናል፣ ወንዙን ተከትሎ እየነዳ ቀዛፊዎቹን ይሰድባል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጀልባ ቀዘፋ አሠልጣኝ ነው። ልጆቹ «ቺካ ቶዛ» ይሉታል፤ አጎቴ ቶዛ እንደ ማለት ነው። አጎት ደግሞ አይመረጥም።

«ያጎዳ፣ ምን ሆነሻል፣ ጎመን እየተከልሽ ነው? አያቴ በሞተች በሦስተኛው ቀን ከዚህ ትፈጥን ነበር።»

ያጎዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ለብቻዋ ትቀዝፋለች፣ በዚያ ወንዝ ላይ የሚቀድማት የለም። የአገሪቱ ሻምፒዮና በሚመጣው ወር ነው፤ በየትኛው ክለብ ስም እንደምትወዳደር እስከ ዓርብ መፈረም አለባት። ቶዛ ዘንድሮ ጡረታ ይወጣል። ከእሷ በኋላ ሌላ ጎበዝ እንደማያገኝ ያውቃል፣ እንዳትሄድበትም ይፈራል። ይህን ለማንም አልተናገረም። ለእሷማ በምን አፉ።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ይገባል። ሚስቱ ዴሳንካ የክለቡን ማሊያ አጥባ፣ አጣጥፋ፣ የባቄላ ሾርባውን አቅርባ ትጠብቀዋለች።

«ዛሬ ደግሞ ምን አልካት?» ትለዋለች። «ጩኸቱ እዚህ ድረስ ይሰማኛል፣ ምክንያቱ ግን አይሰማኝም።»

ቶዛም እየበላ ይዘረዝራል። ትከሻዋ ቀድሞ ይነሣል፣ እግሯን ሳትጨርስ ጀርባዋን ትለቃለች። ዴሳንካ «እህ፣ እህ» እያለች የገበያ ዝርዝሯን ትጽፋለች። ዝርዝሩ ሁልጊዜ ረዥም ነው። ሁልጊዜም ዳቦ ረስታ ትመለሳለች። ቶዛ እርጅና ነው ይላል፤ በሃያ ስምንት ዓመቷም እንዲሁ እንደ ነበረች ዘንግቶታል።

ሰኞ ዕለት የያጎዳ ቦርሳ ከአግዳሚው ላይ ወደቀና ተበተነ። ቶዛ ሊሰበስብላት ሲያጎነብስ ከፎጣው፣ ከፖሙና ከንጹሑ ማሊያ መካከል አንዲት ወረቀት አገኘ። በሰማያዊ እርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል ተጽፎባታል።

«የመጨረሻው ሁለት መቶ ሜትር ቆንጆ ነበር። ትከሻሽ ግን ከእጅሽ ይቀድማል። ነገ መጀመሪያ እግርሽን ጨርሺ፣ ከዚያ ጀርባሽን። አሥር ጊዜ ቀስ ብለሽ ሞክሪው፣ ይመጣልሻል።»

ቶዛ ደሙ ፈላ። ወረቀቷን ወደ ቦርሳው መልሶ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ሰማያዊ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚዞር አንድ ሰው ነው፤ የታችኛው ክለብ አሠልጣኝ ላዛር። ላዛር አይጮኽም። ሲናገር የታመመ ሰው የሚጠይቅ ይመስላል።

«ልጄን በወረቀት ወደ ክለብህ ትጠራለህ?» አለው እንደ ደረሰ።

ላዛር ሳቀ። «እሷን ለመጥራት እኔ ወረቀት ምን ያደርግልኛል? የአንተ ድምፅ ማጉያ ይበቃኛል።»

ቶዛ ይህን ጥፋትን እንደ ማመን ቆጠረው። እየተመለሰ ሳለም አንድ ነገር ወሰነ፤ ላዛር የሚያውቀውን እሱ የማያውቅበት ምክንያት የለም።

ማክሰኞ ጠዋት ድምፅ ማጉያውን አነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያጎዳ... ጎመኑ ዛሬ ጥሩ ተተክሏል።»

ያጎዳ መቅዘፏን አቆመች። «ቺካ ቶዛ፣ አሞዎታል እንዴ?»

ረቡዕ ድምፅ ማጉያውን ቤት ትቶ መጣ። ጀልባው እስኪጠጋ ጠብቆ የጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ላይ ጉልበቱ እየተንቋቋ ተቀመጠ። ላብ በላብ ሆኗል። በወረቀቷ ቅደም ተከተል ሄደ፤ መጀመሪያ የተሳካላትን ነገራት፣ ቀጥሎ የጎደለውን አንድ ነገር፣ ከዚያ ነገ ምን እንደምትሞክር። ያጎዳ አፏን ከፍታ ሰማችው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበር። እሱም መለሰላት።

ሐሙስም እንዲሁ ሆነ። ሁለቱንም ቀን ቶዛ ምሳውን ዝም ብሎ በላ። ዴሳንካ ስትጠይቀው «ደህና ነው» ብቻ አላት፤ የላዛርን ነገር በሚስቱ ፊት ማንሣት አሳፍሮታል።

ዓርብ ያጎዳ ቅጹን ይዛ መጣች። በቶዛ ክለብ ስም ፈርማለች። ቶዛ አንገቱን ወደ ወንዙ አዞረ፤ ዓይኑ እርጥብ ነበር።

«ላዛር ወረቀቱን በከንቱ ጨረሰ» አለ፣ ድምፁን አጥርቶ።

«የቱን ወረቀት?»

«በሰማያዊ እርሳስ የሚጽፍልሽን።»

ያጎዳ ግራ ተጋባች። «ቺካ ቶዛ፣ እሱን የሚጽፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ክለቡ ስገባ የድሮ ልጆች ነግረውኛል። ‹ሲጮኽ ዝም በይው፣ ወረቀቱን ጠብቂ› አሉኝ። እነሱም የታላላቆቻቸውን ሰምተው ነው። ወረቀቱ ባይኖር በመጀመሪያው ወር ትቼ ነበር። ማሊያዬ ውስጥ ታጥፎ ነው የማገኘው። ካለፉት ሁለት ቀናት በስተቀር።»

ቶዛ ብስክሌቱን ሳይጋልብ፣ እየገፋ ቤቱ ደረሰ። ሾርባው ቀርቧል። ዴሳንካ እርሳሷን ይዛለች።

«ዛሬ ምን አልካት?»

ቶዛ እርሳሱን አየው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀለሙን ልብ ብሎ አያውቅም።

«ያልኳትን ሰምታኛለች» አለ በመጨረሻ። «ሁሉንም ራሴ ነገርኳት።»

ዴሳንካ «ያጎዳ፣ ዛሬ» ብላ የጀመረችውን ወረቀት አጣጠፈች፣ ሰማያዊ እርሳሷን መሳቢያ ውስጥ ከተተች፣ ወደ ገበያ ወጣችና ዳቦ ገዝታ ተመለሰች።