ከምትቆምበት

«እማዬ፣ ቁመት የሚለካው ከየት ተነስቶ ነው?» ብሎ ጠይቋት ነበር፣ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ።

እናቱ ትምህርቷ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ትንሽ አሰበችና «ከምትቆምበት ነዋ!» አለችው። መልሱ ደስ አለው። ያን ዕለት የበሩን መቃን አስደግፋ በቢላ ጫፍ የመጀመሪያዋን ምልክት ጫረችለት። ከዚያ ወዲህ ልደቱ በመጣ ቁጥር አንድ ትጨምራለች።

ልጁ አድጎ ግንበኛ ሆነ። ሰፈሩ «ሚሊ» ይለዋል፤ የገነባው ግድግዳ ሁለት ሚሊሜትር ከተዛነፈ ሳያፈርሰው እህል አይቀምስማ። እናቱንም አስተምሯታል። «ከሚሊ ወደ ሴንቲ አንድ ዜሮ ጣይ፤ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው እማዬ» ይላታል።

ሩቅ አገር ላለ የሕንፃ ሥራ ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው «እኔ በሌለሁበት ጭቃ አትረግጪም» ብሎ የቤቷን ወለል ሲሚንቶ ሞላላት። ብቻውን አቡክቶ፣ ብቻውን አፍስሶ፣ ብቻውን አለሰለሰው።

«አራት ሜትር በሦስት» አላት ላቡን እየጠረገ። «አንድ ነጥብ አራት አራት ሜትር ኩብ በላ። የልጅ ልጆችሽ ይጨፍሩበታል።»

በሩ አልከፈት ሲለው ከሥሩ በመጋዝ ቆረጠላት። ትርፉን መዶሻና መሮ አልጋዋ ሥር ትቶ፣ ግንባሯን ስሞ ሄደ።

ሁለት ዓመት በየሳምንቱ ደወለ። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ስምንት ወር።

አንድ ማክሰኞ ሩቅ አገር የሄዱ ሠራተኞችን ጉዳይ ከሚከታተለው ቢሮ ተጠራች። መነጽር ያደረገች ወጣት ጸሐፊ ወንበር ሳበችላት።

«እናቴ፣ ይቀመጡ። ልጅዎ በሄደበት አገር የተደረመሰ ሕንፃ ውስጥ ማንነቱ ያልታወቀ አንድ ሠራተኛ ነበር። መታወቂያ አልያዘም፤ ፊቱም… ይቅርታ ያድርጉልኝ። የተቀበረው በቁጥር ነው። መዝገቡ ላይ ያለው ቁመቱ ብቻ ነው።»

ወረቀቱን አዞረችላት። 1720 ይላል።

«አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሃያ? ሰው ነው ግንብ?»

«የመዘገበው መሐንዲሱ ነው። እነሱ ሁሉን ነገር በሚሊሜትር ነው የሚጽፉት። የልጅዎን ቁመት ያውቁታል?»

«በሬ ላይ አለ።»

«እንግዲያው ለክተው ነገ ይንገሩኝ። ከገጠመ መቃብሩ ላይ ስሙ ይጻፋል። ካልገጠመ ልጅዎን መፈለጋችንን እንቀጥላለን።»

በመንገዷ ሁሉ ዜሮዋን ስትጥል ስታነሳ ሄደች። አንድ ጣይ ነው ያላት ወይስ ሁለት? ልጇ በአንዲት ዜሮ ላይ የተንጠለጠለ መሰላት። ቤቷ ስትደርስ ዘንድሮ ጎረቤቷ ክፍል የተከራየችውን ልብስ ሰፊ ጠራቻት።

«አንድ ነው የሚጣለው እትዬ። መቶ ሰባ ሁለት ሴንቲ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ሜትር እያወረደች። «ይኸው፣ ሜትር እንለዋለን እንጂ ሜትር ተኩል ነው። ስሙና ግብሩ አይገናኝም።»

እናት አልሳቀችም። መቃኑ ላይ ከላይ ያለውን ምልክት በጣቷ ነካችው።

«ይሄ ነው። ሃያ አንድ ሲሞላው፣ በሄደበት ሳምንት የጫርኩለት። ክረምት ነበር። ‹ተረከዝህን ጥረግ፣ ጭቃው ቁመት ይጨምርልሃል› ብዬ ስቄበት።»

«ይሄኛውስ? ዓይንሽ ትክክል ያለው?»

«የኔ ነው። ‹አንቺም ተለኪ› ብሎ ያን ቀን አቆመኝ። ሳቁ መች ቀጥ ብዬ እንድቆም አደረገኝ!»

ልብስ ሰፊዋ የሜትሩን ጫፍ ወለሉ ላይ በእግሯ ረግጣ ወደ ላይ ወጠረችው። መቶ ሃምሳው አለቀ። ጨርቅ በምታሰምርበት ሳሙና ነጥብ አድርጋ ቀሪውን ለካች። አሥር።

«መቶ ስልሳ።»

«ድገሚው።»

ደገመችው።

«አሁንም ድገሚው፣ በሞቴ።»

«መቶ ስልሳ ነው እትዬ! በአሥራ ሁለት ሴንቲ ይለያያሉ። ሰው ደግሞ ከሃያ አንድ ዓመቱ በኋላ አሥራ ሁለት ሴንቲ አይመዘዝም። ልጅሽ አይደለም!»

እናት የልጇ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ ብላ በመዳፏ ዳበሰችው። «አሥራ ሁለት ሴንቲ» አለች። «ተመስገን። አጭሩ ልጄ፤ ድንክዬው።» ስምንት ወር ያልሳቀችውን በአንዴ ሳቀችው። ልብስ ሰፊዋም እንባዋን ጠርጋ፣ ሜትሯን መቃኑ ላይ ሚስማር ላይ አንጠልጥላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ብቻዋን ስትቀር ግን ሳቋ አሳፈራት። የሆነች አንዲት እናት ልጇ በቁጥር ተቀብሮ ደጅ ደጁን እያየች ይሆናል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ተንበርክካ ስለዚያች ሴት ጸለየች። «ጌታዬ፣ ለኔ አሥራ ሁለት ሴንቲ አተረፍክልኝ። ለእሷ ምን ልበልህ? ያወቀች ቀን አጠገቧ ሁን። ብቻዋን አትወቀው።»

በማግስቱ ጠዋት ለጸሐፊዋ ልትነግር ነጠላ ጫማዋን ፍለጋ ባዶ እግሯን ወደ በሩ መጣች። የገዛ ምልክቷ ዓይኗ ላይ አረፈ። ጀርባዋን ለመቃኑ ሰጥታ፣ ሳትስቅ፣ ቀጥ ብላ ቆመች፤ መዳፏንም አናቷ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ዞራ አየችው፤ መዳፏ ከምልክቷ በላይ ነው።

አልጋዋ ሥር ገብታ መዶሻና መሮውን አወጣች፤ ከመቃኑ ግርጌ ሲሚንቶውን አፈር እስኪወጣ ፈለጠችው፤ ሜትሩን ከሚስማሩ አውርዳ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተችና አነበበች፦ አሥራ ሁለት ሴንቲ።