ሙህዲን ያልተናገረው ከሰዓት

«ቆይ ዘኪያ፤ አሁን ተራው የሱ ነው» አለች ሲስተር ወለላ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ።

ዘኪያ አፏን ዘጋች፤ ጉንጯ ግን ይነዳል። ከሮቢት ተነሥተው ቆቦ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሲመጡ ይህ ሦስተኛቸው ነው። ሁለቱንም ጊዜ እሷ ብቻዋን ስታወራ፣ ባሏ ሙህዲን ጣራ ጣራውን ሲያይ ሰዓቱ አለቀ። የመጣውም ወዶ አይደለም። «ወይ አብረን ሄደን እንመከራለን፣ ወይ ልጄን ይዤ ዋጃ አባቴ ቤት እገባለሁ» ስላለችው ነው። ከባጃጅ የሚወርደው ከበሩ ራቅ ብሎ ነው። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሲገባ የታየ ሰው፣ ሮቢት ላይ ምን ስም እንደሚወጣለት ያውቃል።

ሲስተር ወለላ አርባን የተሻገረች ነርስ ናት፤ ክፍሏ ውስጥ ከሦስት ወንበርና ከአንድ ጠረጴዛ በቀር ምንም የለም። ደንቧም አንድ ነው፦ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል፤ የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ ሳይናገር መልስ መስጠት አይችልም። ዘኪያ መጀመሪያ ቀን ስትሰማው የልጆች ጨዋታ መስሏት ነበር።

«ሙህዲን፣ ወንድሜ፣ ያን ቀን ንገረን። ልጃችሁ ኢቅራ የተወለደችበትን።»

ያ ቀን ከአራት ዓመት በፊት፣ በጦርነቱ ጊዜ ነው። ተኩሱ ሲጠነክር ከሕዝቡ ጋር ወደ ተራራው ሲሸሹ፣ ዘኪያን ማሽላ መሐል ምጥ ያዛት። ሙህዲን «ታዋልድሽ፣ እናቴን ይዤ መጣሁ» ብሎ ወደ አስፋልቱ ማዶ ሮጠ። የሄደው በቀትር ነው፤ የተመለሰው ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ ያውም ብቻውን። እሷ ከጎብዬ የሸሸች የማታውቃት ሴት እጅ ላይ፣ ሻሿን ነክሳ ወልዳ ነበር። «መንገዱ ተዘግቶ ነው» አላት። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንሥተውት አያውቁም። ልጅቷንም አንድ ቀን አቅፏት አያውቅም። ስትወድቅ እንኳ ከተቀመጠበት ሆኖ «ልጅሽ ወድቃለች» ነው የሚላት። ልጅሽ።

ሙህዲን ጉሮሮውን ጠረገ።

«መንገዱ አልተዘጋም ነበር።»

ዘኪያ ዞር ብላ አየችው።

«አስፋልቱ ዘንድ ስደርስ ተኩሱ ባሰ። ከሥሩ ሰፊ የውሃ መውረጃ ቱቦ አለ፤ እስኪያልፍ ብዬ እዚያ ገባሁ። አለፈም። ጸጥ አለ። ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከላዬ ሲሻገሩ እሰማለሁ። እኔ ግን… እግሬ እንቢ አለኝ። ወላሂ፣ ተነሥ እለዋለሁ፣ አይነሣም። እናቴ ዘንድ አልደረስኩም። እንዲሁ መሸ።»

«እኔ እዚያ ስሞት አንተ…» ብላ ዘኪያ ከወንበሯ ተነሣች።

ሲስተር ወለላ እጇን ዘረጋች። «መጀመሪያ የሰማሽውን፣ እህቴ።»

«መንገዱ አልተዘጋም ነበር ነው የሚልሽ!»

«ለኔ አይደለም። ለሱ።»

ተቀመጠች። ልትለው የፈለገችው «ፈርተህ ጣልከኝ» ነበር፤ እሱ ግን እንዲያ አላለም፣ ደንቡም ያልተባለ አይፈቅድም። የሱን ቃል አንድ በአንድ መልቀም ነበረባት።

«ቱቦ ውስጥ ነበርክ» አለች ቀስ ብላ። «ተኩሱ ካቆመ በኋላም መውጣት አቃተህ። እግርህን ተነሥ ትለዋለህ፤ እንቢ ይልሃል።» ቃሉ ከገዛ አፏ ሲወጣ ሰውየው ታያት፤ ያ ረጅም ሰው ጉልበቱን አጥፎ፣ ጭንቅላቱን ደፍቶ። ንዴቷ አልጠፋም። የምታሳርፍበት ግን አጣች።

«እንዲህ ነው ያልከው?»

ሙህዲን በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«እግር እንዲያ እንቢ የሚለው ሰው ስለከፋ አይደለም» አለች ሲስተር ወለላ። «ሞት ሲቀርብ ሰውነት ይደርቃል። ከዚሁ ወንበር ላይ ብዙ ሰው ነግሮኛል፤ መሣሪያ ይዞ የተዋጋም ጭምር። በይ ዘኪያ፣ አሁን ያንቺ ተራ ነው።»

ዘኪያ አራት ዓመት ያጠራቀመችው ብዙ ነበር። የመጣላት ግን አንድ ነገር ብቻ ሆነ።

«ሴት ስለወለድኩ የጠላኸን መስሎኝ ነበር። ወንድ የምትወልድልህ ሌላ ልታገባ የምታስብ። ባየሁህ ቁጥር መቼ ይነግረኝ ይሆን እል ነበር።»

«ሴት ስለወለድሽ…» ብሎ ጀመረ ሙህዲን እንደ ደንቡ፤ አልጨረሰውም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ያ ረቢ! ምን ብዬ ልንካት ዘኪያ? ስወለድ የት ነበርክ ብትለኝስ?»

«አራት ዓመቷ ነው» አለች ዘኪያ። «የምትጠይቅህ ብስኩት ነው።»

ከእጆቹ ሥር ሳቅ የሚመስል ድምፅ ወጣ፤ ከዚያም ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዘኪያ ባሏ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። ምን እንደሚደረግም አታውቅም። ሲስተሯን አየቻት፤ ሲስተሯ በዓይኗ ወደ ሙህዲን መለሰቻት። ከውጭ ስም ሲጠራ ይሰማል።

«ቱቦው ውስጥ ብቻህን ነበርክ?» አለችው በመጨረሻ።

«አንዲት ፍየል ነበረች።»

«ፍየል?»

«የማን እንደሆነች እንጃ። ከኔ ቀድማ ገብታለች። ስትንቀጠቀጥ አንገቷን ያዝኳት፤ እንደያዝኳት ነው የመሸው።»

«ምን ዓይነት ናት?»

«ቀይ ናት። አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ።»

በሩ ተንኳኳ። ሲስተር ወለላ ሰዓቷን አየች፤ ተነሥታ በሩን ገርበብ አደረገችና ውጭ ላሉት «ትንሽ ታገሡን» ብላ መልሳ ዘጋችው።

ዘኪያ ወንበሯን ወደ ባሏ ጎተተች።

«ከዚያስ?» አለችው።