ሠላሳ ሰባተኛው ማኅበር

መንግሥት ለሠራተኛ እናቶች የሕፃናት መዋያ ሊሠራ አሰበ። የት እንደሚሠራ ለመወሰን ግን በየሰፈሩ የትኛው የበጎ አድራጎት ማኅበር ምን እንደሚሠራ ማወቅ አለበት። ነገሩ ቀላል ነው፤ ወረቀቱ «እዚህ መዋያ አለ» ካለ፣ እዚያ ሌላ አይሠራም። አለቀ።

አሥራ ሁለት መረጃ ሰብሳቢዎች ተቀጠሩ። ለእያንዳንዳቸው የአርባ ማኅበራት ዝርዝር ተሰጣቸው።

ከመካከላቸው አንዷ፣ ይህን ሥራ ለማግኘት ሁለት ዓመት የተንከራተተች ልጅ፣ ሠላሳ ዘጠኙን ጨረሰች። አንዱ አስቸገራት። ተራ ቁጥር ሠላሳ ሰባት፦ የሕፃናት መዋያ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የቆርቆሮ አጥርና የተሰጣ ልብስ ብቻ ነበር።

«መዋያ?» አሉ ባለወፍጮው። «ቢኖርማ የልጅ ልጄ እዚህ ዱቄት ሲልስ ይውል ነበር?»

ሦስት ቀን ተመላለሰች። ሁሉንም በር አንኳኳች።

አርባውን በአራት ቀን ስለጨረሰ «ፈጣኑ» የሚባለው ባልደረባዋ ሳቀባት።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ያደርቅሻል? ሃያ ሕፃን፣ ሁለት ሞግዚት ብለሽ ሙዪውና ተገላገይ።»

«ሃያው ሕፃን የት ነው የሚውለው?»

«ወረቀቱ ላይ ነዋ!»

ቅጹ ላይ «የለም» ብላ ጽፋ አስረከበች።

አርብ ጠዋት አለቃዋ ቢሮው አስጠራት። ጠረጴዛው ላይ የስንብት ደብዳቤዎች ተደራርበዋል። አልተቀመጠችም።

«አሥራ አንዱ አርባ አርባ ማኅበር አግኝተዋል» አላት። «ያንቺ ብቻ ጎደለ።»

«ማኅበሩ የለም።»

«ዝርዝሩ ላይ አለ። ማኅተም አርፎበታል።»

«ማኅተም ልጅ አይጠብቅም፣ ጋሼ። እኔ አለ ብዬ ከጻፍኩ፣ የዚያ ሰፈር እናቶች ልጆቻቸው ላይ በር ቆልፈው ሥራ መሄዳቸው ይቀጥላል።»

«ዛሬውኑ አስተካክለሽ አምጪ።»

«አላመጣም።»

«ሥራሽን ብታጪስ?»

«አጣዋለሁ! ያላየሁትን አልጽፍም፤ እንኳን እርስዎ፣ አባቴ ከመቃብር ተነስቶ ቢለምነኝ!»

መታወቂያዋን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ከዚያም የራሷን ደብዳቤ ፍለጋ ክምሩን አገላበጠች። የፈጣኑን አየች። የሌሎቹንም አየች። አሥራ አንድ ናቸው። የእሷ የለም።

አለቃዋ መታወቂያዋን አንስቶ መለሰላት።

«በያንዳንዳችሁ ዝርዝር አንድ አንድ የሌለ ማኅበር ያስገባሁት እኔ ነኝ» አላት።