የሁለት ሰው መድኃኒት

ነርሷ ሁለት ጥቅል ክኒን ሰጠቻት። «አንዱ የባልሽ ነው። እሱ ካልዋጠ በሽታው ተመልሶ ይይዝሻል፤ የልጁም ነገር እንዳማረሽ ይቀራል።»

አምስት ዓመት መካን ስትባል የኖረችው ሴት ምሳ አቅርባ፣ እጁን አስታጥባ፣ ባሏ እስኪጠግብ ጠበቀች። ከዚያ የእሱን ጥቅል አጠገቡ አስቀመጠች።

«ምንድን ነው?»

«የአባላዘር በሽታ ነው አሉኝ። ሁለታችንም ካልዋጥን አይለቅም።»

«ጉድሽን ለብቻሽ ቻዪው። እኔ በዕድሜዬ ክኒን ውጬ አላውቅም። ሁለተኛ ብታነሺው ጓዝሽን ጠቅልለሽ ወደ አባትሽ ቤት።»

የራሷን ክኒን አወጣችና ከምሳው ጋር ያቀረበችውን የወተት ኩባያ አነሣች።

«በወተት አትውጪው» አላት ጥርሱን እየጎረጎረ። «በወተት ከሆነ አይሠራም። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ያቅለሸልሽሻል፤ ግን ያልፋል።»